ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን ዝግ ሄድፎን፦ ስቴሊያ፣ ኢ3፣ ዜድ1አር ወይስ ዴነን?

ሌሊት_አድማጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የምሰማበት ሴንሃይዘር ኤችዲ600 ነው፣ ጀርባው ክፍት የሆነው። ድምፁን በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ እኔ የምሰማው ሁሉ አጠገቤ ላለውም ሰው ይሰማል። ማታ ሰው ተኝቶ እኔ ሙዚቃ ከከፈትኩ መነጫነጭ ይመጣል። በዚያ ላይ የውጭው ጫጫታ ሰተት ብሎ ይገባና ሙዚቃው ዝቅ ሲል ያለውን ነገር ሁሉ ይውጠዋል።

ስለዚህ ጨከን ብዬ አንድ ጥሩ ዝግ ሄድፎን ልገዛ ነው። አንዴ ከገዛሁ ለዓመታት መቀየር አልፈልግም። ቁጭ ብዬ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምሰማ ሰው ነኝ። ጃዝ ይበዛል፤ ፒያኖና ድምፃዊ ብቻ ያለበት ሥራም እወዳለሁ፤ አልፎ አልፎ ኤሌክትሮኒክ። ጌም አልጫወትም፣ ስልክ አላወራበትም፣ ይዤውም አልወጣም። መነጽር አደርጋለሁ። ይሄ ለውጥ ያመጣ ይሆን?

ያጠበብኩት እዚህ ድረስ ነው፦ ፎካል ስቴሊያ፣ ዳን ክላርክ ኢ3፣ ሶኒ ዜድ1አር፣ ዴነን ዲ9200። የዳን ክላርክን ስቴልዝም አስቤዋለሁ። ሰው ሁሉ «ዝግ ሄድፎን መቼም የታፈነ ነው» ይለኛል። በዚህ ደረጃም እንደዚያ ነው? ከክፍት ወደ ዝግ የመጣችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሞገድ፦

ዝርዝርህ ጥሩ ነው። ከመምረጥህ በፊት ግን ዝግ ሄድፎን ለምን ከባድ ሥራ እንደሆነ ልንገርህ፤ እሱን ከያዝክ ምርጫው ራሱ ይቀልልሃል።

ድራይቨሩ (እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። ክፍት ሄድፎን ላይ የኋላው ድምፅ በወንፊቱ ወጥቶ ይሄዳል። ዝግ ላይ መሄጃ የለውም። የኩባያውን (ጆሮን የሚሸፍነውን ቤት) ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፤ የድራይቨሩ ሜምብሬን ደግሞ ስስ ስለሆነ አያቆመውም፣ አልፎት ጆሮህ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አንዷን ኖታ ሁለቴ ትሰማታለህ፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ቅንጣት ታህል ዘግይታ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱ ድምፅ ያብጣል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። «ታፈነ» የሚባለው ይሄ ነው። ርካሽ ዝግ ሄድፎን ላይ ድምፃዊው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን የሚመስልህ በዚህ ምክንያት ነው።

በቁጥር ላሳይህ። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ከድራይቨሩ እስከ ኩባያው ግድግዳ 3.4 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ግማሽ ሞገድ እዚያ ክፍተት ውስጥ ልክ ገጥሞ የሚቆመው 5000 ኸርዝ ላይ ነው። 5000 ኸርዝ ማለት የሲምባል፣ የቫዮሊን፣ የድምፃዊ «ስ» እና «ጽ» ያሉበት ሰፈር ነው። ጆሯችን ደግሞ እዚያ አካባቢ በጣም ንቁ ነው። ለማምለጥ የሚመች ቦታ አይደለም።

እንግዲህ ውድ ሄድፎን ላይ ገንዘብህ የሚሄደው ይሄንን የኋላ ድምፅ ምን እናድርገው ለሚለው ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ መልስ አለው። ሴንሃይዘር በ2018 ኤችዲ820ን ሲያወጣ ከድራይቨሩ ጀርባ ጎበጥ ያለ መስታወት ገጠመ፤ መስታወቱ ድምፁን ወደ ጎን መልሶ መምጠጫ ላይ ይጥለዋል። ሶኒ ለዜድ1አር ኩባያውን ከወረቀት ፐልፕ ሠርቶ ትንሽ እንዲተነፍስ አደረገው። ዴነን ዲ9200 ላይ የቀርከሃ እንጨት ተጠቀመ፤ ቀላል ነው፣ ንዝረትንም ቶሎ ያበርዳል። ዳን ክላርክ ደግሞ ስቴልዝን በ2021 ሲያወጣ ሜታማቴሪያል የሚባለውን ነገር ይዞ መጣ። በድራይቨሩና በጆሮህ መሃል የተቀመጠ፣ ጥቃቅን ቀዳዳና ቱቦ የሞላበት ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዱ ቱቦ የተወሰነ ድምፅ ይዞ ያበርዳል። ኢ3 በ2023 ሲመጣ ያንኑ ሐሳብ ወርሷል።

የእኔ ሐሳብ፦ ድራይቨሩ ከምን እንደተሠራ አትጠይቅ። ቤሪሊየምም ይሁን ሌላ፣ ከኋላው ያለው ክፍል ቀሽም ከሆነ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የኋላውን ድምፅ ምን እንዳደረጉት፣ ቀጥሎ ፓዱ (ጆሮህን የሚከበው ትራስ) የአንተ ጭንቅላት ላይ በደንብ መግጠሙን እይ።

ቤዝ_ይቅደም፦

ዜድ1አር ግዛና ተገላገል። ባለ 70 ሚሊሜትር ድራይቨር ነው። ቤዙ ከታች የሚመጣው ሄድፎን መሆኑን ያስረሳሃል፤ ኮንትራባስ ሲመታ ክፍሉ ውስጥ ያለ ነው የሚመስልህ። ክብደቱ 385 ግራም ብቻ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጆሮ አይነካም። አልበም ከጀመርክ እስኪያልቅ አታወልቀውም። ከክፍት ለመጣ ሰው ደግሞ ከዝግ ሄድፎኖች ሁሉ ፈታ ያለ ድምፅ ያለው እሱ ነው።

ሚዛን፦

ቤዝ_ይቅደም ምቾቱ ላይ ያልከው ልክ ነው፤ እኔም እሱን ያህል የሚመች ዝግ ሄድፎን አላደረግኩም። ግን ሁለት ነገር ሳይነገረው አይግዛ። አንደኛ፣ ዜድ1አር 10 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ላይ ከፍ ያለ ጫፍ አለው። አንዳንዱ ጆሮ ምንም አይለውም፣ አንዳንዱን ግን ሲምባል በመጣ ቁጥር ይወጋዋል። ጃዝ የሚያበዛ ሰው ራይድ ሲምባሉን በጆሮው ሳይሰማ መወሰን የለበትም። ሁለተኛ፣ ያ የሚተነፍሰው ኩባያ ለድምፁ ጥሩ ሆኖ ለማፈን ግን ደካማ ነው። ጠያቂው የመጣው ሰው እንዳይረበሽ ብሎ ነው። ከአራቱ ውስጥ ድምፅ በማፈን ኢ3ን የሚያህል የለም፣ ስቴሊያም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው «ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ይጀምራል። በ2017 ጄሮን ብሬባርት የሚባል ተመራማሪ የ283 ሄድፎኖችን የድምፅ ልክ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አወዳድሮ ነበር። በዋጋውና በድምፅ ሚዛኑ መካከል ግንኙነት አላገኘም። ይሄ ማለት ውዱ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የምትከፍለው ለአሠራር፣ ለምቾት፣ ለረጅም ዕድሜና ለዝርዝር ጥራትም ነው። የድምፁ ሚዛን ግን ከዋጋው ጋር አብሮ ይመጣል ብለህ አትመን፤ ለብቻው ማጣራት አለብህ።

ለማጣራት የሃርማን መስመር የሚባለውን መነሻ አድርግ። የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪው ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ብዙ አድማጮችን ብራንዱ ምን እንደሆነ ሳያሳዩ እያሰሙ፣ አብዛኛው ሰው የሚወደው የድምፅ ሚዛን ምን እንደሚመስል አወጡ። ለትልልቅ ሄድፎን የሚጠቀሱት የ2013 እና የ2018 ቅጂዎች ናቸው። ሕግ አይደለም። ግን የአንድን ሄድፎን ልኬት ከዚያ መስመር ጋር ስታስተያይ የት እንደሚወጣ የት እንደሚወርድ ይገባሃል። ኢ3 እና ስቴልዝ በጣም ቀርበውት ይሄዳሉ። ስቴሊያ ቤዙን ከፍ፣ ላይኛውን ሚድ (የመሃሉን ድምፅ ከፍ ያለ ክፍል) ደግሞ ወጣ ገባ ያደርጋል። ከዝርዝርህ ውጭ ያለው ፎስቴክስ ቲኤች900 ደግሞ ከላይም ከታችም ከፍ ብሎ መሃሉ ይሰምጣል። ለድምፃዊና ለፒያኖ ያ አይመችም፣ ለኤሌክትሮኒክ ግን ነፍስ ነው።

ገመድ_አልባ፦

ለምን ይሄ ሁሉ? ጫጫታ የሚሰርዘውን ብሉቱዝ ግዛ፣ ሁሉም ነገር ይዘጋልሃል።

ሞገድ፦

እሱ የተለየ ሥራ ነው። ጫጫታ የሚሰርዘው የሞተርና የአውሮፕላን ዓይነት ወፍራም ጉርምርምታ ላይ ነው ጎበዝ። ያለ ኤሌክትሮኒክስ የሚያፍን ዝግ ሄድፎን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወፍራሙን ብዙ አይከለክልም፣ የሰው ወሬ፣ የኪቦርድ ድምፅ፣ የሳህን ኳኳታ ግን ያርቃል። ልጁ ቤት ቁጭ ብሎ አልበም ነው የሚሰማው። ባትሪና ማይክሮፎን አያስፈልገውም።

ሌሊት_አድማጭ፦

እናመሰግናለን፣ ብዙ ገባኝ። ሚዛን፣ የሲምባሉን ነገር ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ ጆሮዬ ላይ ስለታም ድምፅ አልችልም። ዜድ1አርን ወደ ኋላ አደረግኩት።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። መነጽሩን ማንም አልነካልኝም። ሌላው አምፔ፣ ማለትም የድምፅ ማጉያዬ ነው። በ32 ኦም 1 ዋት ይሰጣል፣ የራሱ የውጤት ኢምፔዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) ከ1 ኦም በታች ነው። እንደ ኢ3ና ስቴልዝ ላለው ፕላነር (ጠፍጣፋ ስስ ሜምብሬን ላለው ሄድፎን) ይበቃል?

ሚዛን፦

መነጽሩ ከአምፑ ይብሳል፤ ስለዚህ እሱን ቀድሜ ልመልስ።

ዝግ ሄድፎን ቤዙን የሚሠራው በፓዱና በጭንቅላትህ መሃል አየር ሳይወጣ ሲቀር ነው። የመነጽርህ እጀታ በፓዱ ሥር ሲያልፍ ከጆሮህ ፊትና ኋላ ትንሽ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። በእሷ ክፍተት ቤዙ ይወጣል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው እየሳሳ ይሄዳል፣ የቀረው ድምፅ ደግሞ ቀጭንና ሹል ይሆንብሃል። ያኔ ሰው «ይሄ ሄድፎን ቤዝ የለውም» ብሎ ይጽፋል። ሄድፎኑ ምንም አልሆነም።

እንዲህ አድርገህ ሞክረው። 30 ወይም 40 ኸርዝ ያለ አንድ ወጥ ድምፅ ክፈት፣ ዝቅ አድርገህ። መጀመሪያ መነጽርህን አውልቀህ ስማው። ከዚያ ሄድፎኑን ሳታወልቅ መነጽሩን ቀስ ብለህ አስገባው። ድምፁ ወዲያው ከሳሳ አየር እየወጣ ነው። አሁን ሁለቱን ኩባያዎች በመዳፍህ በስሱ ወደ ውስጥ ጫን። ድምፁ ተመልሶ ከወፈረ ጉዳዩ የፓዱ አገጣጠም ነው። ጭነህም ካልተመለሰ ያ ፓድ ለአንተ ፊት አይሆንም፣ ሌላውን ሞክር። እጀታውን ከጆሮህ በላይ ትንሽ ከፍ አድርገህ ማስቀመጥም ይረዳል። ቀጭን የብረት እጀታ ከወፍራም ፕላስቲክ በጣም ይሻላል። ወፍራምና ለስላሳ ፓድ እጀታውን ይውጠዋል፤ ጠንከር ያለ ቆዳ ግን ከላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጢም ያለውና መንጋጋው ቀጠን ያለ ሰውም ይሄው ችግር አለበት፤ ከጆሮ ሥር ወደ አንገት የሚሄደው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ፓዱ አይደርስም። ኤችዲ820 ላይ መነጽር ያደረገ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ዱሮም 300 ኸርዝ አካባቢ ጎድጎድ ያለ ነገር አለው፣ አየር ሲወጣበት ይብሳል።

ሞገድ፦

አምፑን እኔ ልመልስ። ሙዚቃ ድንገት ጮክ ሲል 110 ዴሲቤል ድረስ ሳይቆራረጥ እንዲደርስ እንፈልግ። ይሄ የከበሮ ምት ጫፍ ነው፤ እዚያ ላይ ተቀምጠህ ትሰማለህ ማለት አይደለም።

ስቴሊያ በ1 ሚሊዋት 106 ዴሲቤል ይሰጣል። 110 ለመድረስ 2.5 ሚሊዋት ይበቃዋል። ዲ9200 105 ነው፣ ወደ 3 ሚሊዋት። ዜድ1አር 100 ነው፣ 10 ሚሊዋት። ኢ3 ወደ 90 ነው፣ 100 ሚሊዋት። ስቴልዝ 87 አካባቢ ነው፣ 200 ሚሊዋት። አየኸው? በስቴሊያና በስቴልዝ መካከል 80 እጥፍ ልዩነት አለ። የአንተ 1 ዋት ለሁሉም ይበቃል። ስቴልዝ 23 ኦም ስለሆነ ለዚያ 200 ሚሊዋት ወደ 93 ሚሊአምፔር ይፈልጋል፤ ቮልት ብቻ ያለው ደካማ አምፕ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። በስልክ ጫፍ በሚሰካ ትንሽ ዳክ (ዲጂታሉን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር መሣሪያ) ስቴልዝን መንዳት ድካም ነው።

የስቴሊያና የዴነን ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። በትንሽ ኃይል ስለሚጮሁ የአምፑን «ሽሽ» የሚል ድምፅም ያወጡታል። ሙዚቃ ሳትከፍት ቮልዩሙን ወደምትሰማበት ከፍታ አምጥተህ ጸጥታውን ስማ። ሽሽታ ከሰማህ ጌይኑን (አምፑ የሚያጎላበትን መጠን) ዝቅ አድርግ። ኢምፔዳንሱ ላይ የተለመደው መለኪያ የአምፑ ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ አይብለጥ ነው። ዴነን 24 ኦም ነው፣ ስለዚህ 3 ኦም ገደቡ ነው። የአንተ ከ1 በታች ስለሆነ ከሐሳብ ነፃ ነህ።

እንጨት_ወዳድ፦

ልጆች፣ ስለ ልኬት ብዙ ተባለ። እኔ ደግሞ ስለ እንጨት ልናገር። ዜድኤምኤፍ በእጅ የሚሠሩት የእንጨት ሄድፎኖች እዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት ነበረባቸው። ቬሪቴ ዝጉን አንዴ ያደረገ ሰው ወደ ፕላስቲክና ብረት መመለስ ይከብደዋል። 300 ኦም ስለሆነ ለቱቦ አምፕ (በመስታወት ቱቦ ለሚሠራው) ልክ ነው። የፒያኖው ድምፅ ኖታው ከተመታ በኋላ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚሞት እዚያ ላይ ነው የሰማሁት። ቲኤች900ም ቢሆን ኩባያው በጃፓን ኡሩሺ ቀለም የተቀባ ነው፤ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ዕቃውን የምትወደው ከሆነ የበለጠ ትሰማበታለህ፣ ይሄም ቁም ነገር ነው።

ሲገዛ ደግሞ ቶሎ አይፍረድ። አዲስ ሄድፎን ለሳምንታት እየተሰማበት ሲቆይ ድምፁ ይከፈታል።

ሞገድ፦

ጋሼ፣ እንጨቱ ላይ እስማማለሁ፤ ቬሪቴ ዝጉ ለቱቦ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው። «ይከፈታል» በሚለው ላይ ግን አንለያይ ብዬ አይደለም፣ የሚለወጠው ድራይቨሩ አይመስለኝም። የሚለወጠው ፓዱ ነው። እየሞቀ እየተጫነ ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ጆሮ ወደ ድራይቨሩ ይቀርባል፣ አየር መያዙም ይሻሻላል። ሌላው የሚለወጠው የራሳችን ጆሮ ነው፤ ይለምዳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን የወጋ ትሬብል (ቀጭን ከፍ ያለ ድምፅ) በኋላ ይስተካከላል ብሎ ገንዘብ መክፈል አደጋ አለው። መመለሻ ጊዜው ካለፈ ማን ይቀበላል?

እንጨት_ወዳድ፦

ፓዱ ላይ ያልከው ያስማማናል። እኔም ፓድ ሲያልቅ ያው ኩባንያው የሠራውን ብቻ ነው የምቀይረው። ሌላ ፓድ ያደረገ ሰው ሌላ ሄድፎን ነው የሚሰማው።

ሲምባል፦

ያገለገለ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ከእኔ ልምድ ትንሽ ልበል፣ በዚህ ደረጃ ያሉት ሄድፎኖች እጅ ሲቀይሩ ዋጋቸው በጣም ስለሚወርድ ብዙ ሰው ወደዚያ መሄዱ አይቀርም። መጀመሪያ ሞኖ የሆነ ቀረጻ ክፈት፤ ድምፃዊው ቀጥ ብሎ ከግንባርህ መሃል መምጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ኩባያዎቹን ግራውን ቀኝ አድርገህ ገልብጣቸው። ማዘንበሉ አብሮ ከዞረ ሄድፎኑ ወይም አምፕህ ነው፣ ባለበት ከቀረ ጆሮህ ነው። ቀጥሎ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ አስኬድ። የሆነ ቦታ ላይ ከተንዛዘዘ ወይ ሜምብሬኑ ላይ ፀጉር ወድቋል ወይ የላላ ነገር አለ። ፀጉር ከሆነ ፓዱን አውልቆ ማንሳት ይቻላል፣ ግን ሻጩ ፊትህ ያድርገው። ፓዱ ጠፍጥፎ ካለቀ የአዲሱን ፓድ ዋጋ ከሒሳቡ ቀንስ፤ ለእነዚህ ሄድፎኖች ፓድ ርካሽ አይደለም። ራስ ላይ የሚውለው ቅስትና ማጠፊያው ሲንቀሳቀስ ቢጮህ፣ ያ ጩኸት ዝግ ሄድፎን ውስጥ ተጠናክሮ ይሰማል፤ በጭንቅላትህ ትንሽ ወዲህ ወዲያ በል።

ኦዴዚ ኤልሲዲ-ኤክስሲን የሚያስብ ካለ ደግሞ ከ600 ግራም በላይ መሆኑን ይወቅ። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ከምር። አንገቱ የማይችል ሰው ግን አልበም አይጨርስበትም።

ሌሊት_አድማጭ፦

ተመልሻለሁ። ስቴሊያን፣ ኢ3ን እና ዴነኑን በራሴ አምፕ፣ በራሴ መነጽር ሰማኋቸው። የሚዛንን ሙከራ መጀመሪያ አደረግኩ። ዴነኑ ላይ መነጽሩ ሲገባ 40 ኸርዙ ወዲያው ሳሳ፤ ስጫነው ተመለሰ፣ ስለቀው ሄደ። ድምፁ ደስ የሚል ሆኖ ሳለ እሱ እዚያው ቀረ። ስቴሊያና ኢ3 ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር።

ስቴሊያ ሕይወት አለው። ስኔር ላይ ብሩሽ ሲጎተት የብሩሹ ሽቦ አንድ በአንድ ነው የሚሰማው፤ ትራምፔት ሲገባ ደንገጥ ያደርጋል። ግን ሁለተኛው አልበም መሃል ላይ ድምፃዊቷ ጮክ ስትል ቮልዩም ቀነስኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀነስኩ። ኢ3 ላይ እጄ ቮልዩሙ ጋ አልሄደም። መጀመሪያ ቀዝቀዝ ያለ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ የገባኝ፣ ኮንትራባሱ፣ ፒያኖውና ድምፁ አንዱ ሌላው ላይ አይወጣም፤ ሦስቱንም እኩል እከተላለሁ። ከኤችዲ600 ጋር ሳስተያየው ስፋቱ ጠበብ ይላል፣ ይሄን አልደብቅም። የታፈነ ግን አይደለም፣ ፈጽሞ።

455 ግራሙን ፈርቼ ነበር። ቅስቱ ክብደቱን ስለሚያከፋፍለው አልከበደኝም። ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ የነበረው ሰው ደግሞ ምንም አልሰማሁም አለኝ። ኢ3 ነው የምወስደው።

ሚዛን፦

በጣም ጥሩ። ጃዝ ላይ ያ የማይጋፋው መሃል ሁልጊዜ ይጠቅምሃል። ቀዝቀዝ አለብኝ ያልከው ካልለቀቀህ በኢኳላይዘር ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን 2 ዴሲቤል ከፍ አድርገው፤ ፕላነሩ ሳይደፈርስ ይሸከመዋል። ውጭውን ስለሚያርቅልህ ደግሞ ከድሮው ዝቅ አድርገህ ትሰማለህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ማታ ማታ ብዙ የሚሰማ ሰው ይሄን ልብ ይበል።

ቤዝ_ይቅደም፦

እንኳን ደስ አለህ። እኔ በዜድ1አሬ እቀጥላለሁ። ባላንስድ ገመድም (የግራና የቀኙ መስመር የተለያየበትን) አብረህ ግዛ።

ሞገድ፦

አምፑ ባላንስድ መውጫ ከሌለው አትግዛ፤ ምንም አይጨምርልህም። ካለውና ኃይሉ ከዚያ በኩል የሚበልጥ ከሆነ ብቻ ነው ትርጉም ያለው። እሱም የአንተ 1 ዋት ላይ ለኢ3 አያስፈልግም።

ሌሊት_አድማጭ፦

ባለ 6.3 ሚሊሜትር መውጫ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በዚያው እሰካዋለሁ። ገመዱ ግን ከወንበሬ እስከ አምፑ ሁለት ሜትር ይደርስ ይሆን?

ሲምባል፦

ስታዝ ርዝመቱን መምረጥ ትችል እንደሆነ ጠይቅ። ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ለካው፣ ለመነሳትና ለመዞር የሚሆን ግማሽ ሜትር ጨምር።